ስም ያጣው ነሐስ

በቀይ አፋፍ ቀበሌ ሰው ከመሬት ነገር ሲያነሳ ትንሽ ቆም ይላል። ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ጣቱ ነገሩን ከመንካቱ በፊት ይጠብቃል። ጆሮው ውስጥ ያለው መለያ «ድንጋይ» ወይም «የበር ማጠፊያ» ወይም «የጠርሙስ ክዳን» ሲለው ያነሳል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እንኳ እንደዚሁ ነው፤ ሮጠው ይደርሳሉ፣ ቆም ይላሉ፣ «ኳስ» ይባላሉ፣ ይመታሉ። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ ይስቃል። የቀበሌው ሰው አይስቅም። የስም አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ከጦርነቱ የተረፈው ብረት ስንት ቤት እንዳፈረሰ ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። አዋጁ አጭር ነው፤ ከመሬት የወጣ ብረት ስሙ ሳይታወቅ ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ዘምዘም እንድሪስ ያን ቀን ቆም አላለችም። ጊዜም አልነበራትም።

የምትሠራው ከቀበሌው በስተምሥራቅ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ድሮ ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጡ ነጋዴዎች ያድሩበት ነበር የተባለ ቤት ፍርስራሽ እየተቆፈረ ነው። ቁፋሮውን የሚመሩት ዶክተር ትርሲት ወንድይፍራው ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚገዝፍ ሴት። አፈሩን የሚዝቀው ማሽን ቢሆንም ግድግዳ መጥረግና ሸክላ ማላቀቅ አሁንም የሰው እጅ ይፈልጋል፤ የዘምዘም እጅ ደግሞ የታወቀ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሹሩባ ትሠራለች። ሌላው ሥራ ሁሉ ወደ ማሽን ሲሄድ ሹሩባ ከሰው እጅ ስላልወጣ፣ ሙሽሮች ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ሳይቀር ወደ እሷ ይመጣሉ።

ረፋዱ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጣ በብሩሽ ስትጠርግ የጎኑ ግድግዳ ተናደ። ፊቷን ለመከለል ቀኝ እጇን አነሳች። ከአፈሩ ጋር አንድ ከባድ ነገር መጥቶ መዳፏ ላይ አረፈ። ሳታስበው ጨበጠችው።

«ያልታወቀ» አለ ጆሮዋ ውስጥ ያለው መለያ። «አይንቀሳቀሱ። እጅዎን አይክፈቱ።»

ቃሉን ከዚህ በፊት የሰማችው በሥልጠና ላይ ብቻ ነበር። አቧራው እስኪሰክን ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ስትገልጥ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ከነበሩት ሠራተኞች አንድም አልቀረም። ባልዲዎቹ እንደተቀመጡ ቀርተዋል። ከጉብታው ግርጌ ነጫጭ ምሰሶዎች ከመሬት ወጥተው ቆመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ማለፍ አይችልም።

እጇን አየች። የያዘችው ነገር ጭብጥ የሚያክል አረንጓዴ ብረት ነው። ታቹ ሰፊ፣ ላዩ እንደ ቅል አንገት የጠበበ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ያለው። ሰፊው አፉ መዳፏ ላይ ተደፍቷል፤ ጣቶቿ ዙሪያውን አቅፈውታል።

ቀጥሎ ጆሮዋ ውስጥ የገባው የሰው ድምፅ ነበር።

«ወይዘሮ ዘምዘም፣ ክንዱ እባላለሁ፤ ደሴ ከብረት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ነው የማነጋግርዎ። ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ።»

«የያዙት ነገር ቅርፁ ከመድፍ ጥይት ጫፍ ጋር ይቀራረባል። ሲጨበጥ ዝም ብሎ ሲለቀቅ የሚፈነዳ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እስኪለይ ድረስ እንደጨበጡት ይቆያሉ።»

«እስከ መቼ?»

ክንዱ ወጣት ነው፤ ከድምፁ ያስታውቃል። በጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ የሚሰጠው መለያው ነው። የክንዱ ሥራ ውሳኔውን በሰው ድምፅ መንገር ነው፤ ሰዎች ከሰው ሲሰሙት እንደሚረጋጉ ተጠንቷል።

«ጀንበር እስክትጠልቅ» አለ። «እስከዚያ ስሙ ካልታወቀ ነጣይ ይመጣል።»

ነጣይ ምን እንደሆነ ዘምዘም ታውቃለች። ጥጃ የሚያክል ባለ አራት እግር ማሽን ነው፤ አፉ ክብ ነው። እጅን እስከ አንጓው ይውጥና ይዘጋል። ሕመም የለውም ይላል መግለጫው። የውስጡ ነገር ቢፈነዳም እዚያው ውስጥ ነው የሚፈነዳው፤ ሰውየው ይተርፋል። ፈቃድ ይጠየቃል እንጂ አይጠበቅም። ሰው ሠራሽ እጅ በነፃ ይሰጣል፤ ከተነጠሉት አብዛኞቹ እንደሚወዱት በየዓመቱ ይነገራል። ከቀይ አፋፍ አቶ ይማም ተነጥለዋል። ጨብጠውት የነበረው ነገር የአሮጌ ፓምፕ ክዳን መሆኑ በኋላ ታውቆ የይቅርታ መልእክት ደርሷቸዋል። አዲሱ እጃቸው ደህና ይሠራል። ሰው ሲጨብጡበት ግን ታይተው አያውቁም፤ ለሰላምታ የሚዘረጉት ግራቸውን ነው።

«ፈቃደኛ ነዎት ወይ ብዬ እንድጠይቅዎ ታዝዣለሁ» አለ ክንዱ።

«አይደለሁም» አለች ዘምዘም።

«መዝግቤያለሁ» አለ።

ፀሐይዋ ከረረች። የእርግብ መጠን ያለው በራሪ መጥቶ ከከንፈሯ ፊት የውኃ ቀሰም ዘረጋላት። ጠጣች። ክርኗን ጉልበቷ ላይ እንድታሳርፍ ተፈቀደላትና ቀስ ብላ አሳረፈች። አረንጓዴው ብረት በፀሐዩ ይግል ጀመር። አፉ ዙሪያ የተለጠፈው እርጥብ ሸክላ ከላቧ ጋር ተቀላቅሎ መዳፏ ላይ ተለሰነ።

ዶክተር ትርሲት ከምሰሶዎቹ አጠገብ አልሄድም ብለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የመስክ ኃላፊ በመሆናቸው በመለያው መስመር እንዲነጋገሩ ተፈቅዶላቸዋል።

«ዘምዘም፣ እጅሽ እንዴት ነው?»

«እጄስ ደህና ነው ዶክተር። የፈራሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። አብረን እንፈራለን። አሁን ስሚኝ፤ የያዝሽው ነሐስ ነው። አረንጓዴው ዝገት በአንድ ትውልድ አይመጣም። ከቤቱ ወለል ላይ ነው የወደቀብሽ፤ ያ ወለል ከተረገጠ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጦርነት ብረት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

«ነገርኩት። ‹ዕድሜ ስም አይደለም› አለኝ።»

እውነትም እንዲያ ነበር ያላቸው። መለያው በዚያ ወረዳ የሚያውቀው ከጦርነት የተረፈውን፣ የእርሻውንና የቤት ዕቃውን ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ የጥንት ነሐስ በየቤተ መዘክሩ ጓዳ ተቀምጧል፤ ወደ መለያው ግን አልገባም። እንዲገባ የጠየቀ ማንም አልነበረም። አንድን ነገር አዲስ ስም ለማሰጠት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ምን እንደሆነ የሚናገር ባለሙያና ሌላ ቦታ ያለ አምሳያው። ዶክተር ትርሲት ሁለቱም አልነበሯቸውም። በረጅም የቁፋሮ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

«በአውራ ጣትሽ ብቻ ዳሺውና ንገሪኝ» አሏት። «ጠርዙ ስለት አለው?»

«የለውም። ወፍራም ነው። ድቡልቡል።»

«ጥርስ አለው? እንደ ቡሎን የሚጠመዘዝ ዓይነት?»

«የለውም። ለስላሳ ነው።»

ደወል ይሆን? ምላስ የለውም። የሚዛን ድንጋይ? ውስጡ ክፍት ነው። የሽቶ ዕቃ? አፉ እንደዚያ ሰፍቶ ምን ሽቶ ይይዛል? ዶክተሯ እያንዳንዱን ግምት ለመለያው አቀረቡ። ለእያንዳንዱ «አምሳያ አልቀረበም» የሚል መልስ መጣ። በመጨረሻ ድምፃቸው ደከመ።

ከሰዓት በኋላ ሙሄ ደረሰ። ሙሄ የዘምዘም ባል ነው፤ የቀበሌውን የውኃ መስመር ይጠግናል። ከሥራ ቦታው እየሮጠ መጥቶ ከምሰሶዎቹ ጋር ሊጋፋ ሲል ዶክተር ትርሲት ልብሱን ይዘው አስቀሩት። ቤተሰብ በመለያው መስመር አይገባም፤ ያስጨንቃል ይላል ደንቡ። ስለዚህ ሙሄ እንደ ድሮ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ዘምዬ!»

ድምፁ ጉብታውን ተሻግሮ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ በመለያው ሳይሆን በአየር የመጣ የመጀመሪያው ድምፅ ነበር።

«አለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ዶሮዎቹን ዘግቻቸዋለሁ!» አለ።

«ውኃስ ሰጠሃቸው?»

«ሰጥቻለሁ!»

«ጥቁሯንስ?»

«እሷንም!»

ዘምዘም ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። ግራ እጇን አንስታ ልትጠርገው አልደፈረችም፤ አገጯ ላይ ወርዶ እስኪንጠባጠብ ተወችው። ባልና ሚስቱ እንደዚያ እየተጯጯሁ ስለ ዶሮ፣ ስለ ጣራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለምትሠራት ሙሽራ ሲያወሩ ቆዩ። ክንዱ ደሴ ሆኖ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ዝም እንድትል ማዘዝ ይችል ነበር። አላዘዛትም።

ጀንበሯ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ የነጣዩ መኪና መጥቶ ከምሰሶዎቹ ውጭ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ማሽኑ ግን አልወረደም፤ ሰዓቱን ይጠብቃል።

በዚህ መሐል ከምዕራብ ደመና መጣና ፀሐይዋን ሸፈናት። ነፋስ ተነሳ። ትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች አፈሩ ላይ ጧ ጧ ማለት ጀመሩ፤ ወዲያው ዶፍ ሆነ። ዘምዘም ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጣ ረጠበች። ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው ነሐስ በእጇ ላይ በረደ።

ያን ጊዜ መዳፏ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ዶክተር!» አለች። «እየሳበኝ ነው!»

«ምን?»

«ብረቱ! እጄን ወደ ውስጥ እየሳበው ነው!»

መለያው ከዶክተሯ ቀደመ። «የሁኔታ ለውጥ ተመዝግቧል። ነገሩ ሥራ ጀምሯል። ንጠላው አሁኑኑ ይፈጸማል።»

ነጣዩ ከመኪናው ወረደ። ምሰሶዎቹን አልፎ ጭቃው ሳያንሸራትተው ወደ ጉብታው መውጣት ጀመረ። ሙሄ ጮኸ፤ ምን እንዳለ በዝናቡ አልተሰማም።

«ዘምዘም፣ ስሚኝ» አሉ ዶክተር ትርሲት። «እንዴት ነው የሚስብሽ? ይነክሳል?»

«አይነክስም። ይመጠኛል። ሥጋዬ ወደ ውስጡ እየገባ ነው... ልክ... ዋገምት እንደሚይዘው!»

«ምን አልሽ?»

«ዋገምት! አክስቴን ትከሻዋን ሲያማት የባህል ሐኪሙ የዋገምት ቀንድ ደፍቶ ደሟን ይመጥላት ነበር። ልጅ ሆኜ እኔም መዳፌ ላይ ሞክሬዋለሁ። እንደዚያ ነው!»

ዶክተር ትርሲት በዝናቡ ውስጥ ቆመው ቀሩ። ወፍራም ጠርዝ፤ ቆዳ እንዳይቆርጥ። ሰፊ አፍ፤ ገላ ላይ እንዲደፋ። ጠባብ አናትና ቀለበት፤ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል። በተማሪነታቸው ያነበቡት ትዝ አላቸው። የሮም ሐኪሞች ደም የሚመጥጡት በነሐስ ነበር። ውስጡን በእሳት ያሞቁትና ገላ ላይ ይደፉታል፤ ሲቀዘቅዝ ይስባል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አሙቆት ዝናብ ያቀዘቀዘው ነሐስ የተሠራበትን ሥራ መሥራት ጀምሯል።

«ዋገምት ነው!» ብለው ጮኹ። «የሮም ዋገምት ነው! ክንዱ! ክንዱ፣ ማሽኑን አቁመው!»

ከክንዱ ፊት ለፊት «ማቆያ» የሚል ቁልፍ አለ። ነጣይ ሲሄድ መንገዱ ላይ ሕፃን ወይም ከብት ቢገባ ለማቆም የተሠራ ነው። ከአፍታ በላይ አያቆምም፤ እያንዳንዱም ንክኪ ከነሠራተኛው ስም ወደ አለቆች ይሄዳል። ክንዱ ተጫነው።

ነጣዩ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ።

«ባለሙያ ስም ሰጥተዋል» አለ መለያው። «አምሳያ አልቀረበም።» ማሽኑ እግሩን አሳረፈና መሄድ ቀጠለ። ክንዱ እንደገና ተጫነ። ቆመ። ሄደ። ተጫነ።

«ዶክተር፣ አምሳያ ያምጡ» አለ ክንዱ። «እኔ እይዘዋለሁ። ይፍጠኑ።»

ዶክተር ትርሲት በአንድ ስብሰባ ላይ የተዋወቋት፣ እስክንድርያ የምትሠራ የቤተ መዘክር ጓዳ ጠባቂ ነበረች፤ ነርሚን ትባላለች። ደወሉላት። ነርሚን ራት ላይ ነበረች። በዓረብኛ ትናገራለች፣ መለያው ይተረጉማል።

«ነርሚን፣ የሮም ሐኪሞች የደም መምጠጫ፣ የነሐስ። አላችሁ?»

«አለን መሰለኝ። ነገ ጠዋት...»

«አሁን! የሰው እጅ ሊነጠል ነው። አሁን!»

ነርሚን ለምን ብላ አልጠየቀችም። የወንበር መገፋት ተሰማ፣ ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ የቁልፍ ድምፅ። ቤቷ ከቤተ መዘክሩ ግቢ ውስጥ መሆኑ አላህ የሠራው ነበር። በዶክተር ትርሲት እጅ ላይ ባለው መስታወት የሚንቀጠቀጥ ምስል መጣ፤ ረጅም ኮሪደር፣ የተደረደሩ መሳቢያዎች።

ዘምዘም ነጣዩ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርስ አየችው። ክብ አፉ ተከፍቷል። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ነጭ። ቆመ። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ወረደ። ቆመ።

«ወይዘሮ ዘምዘም» አለ ክንዱ። ከዚያ ደንቡን ትቶ፣ «እህቴ፣ ዓይንሽን ወደ ሌላ አዙሪ። አልለቀውም። አውራ ጣቴ ቢሰበርም አልለቀውም» አለ።

«ወልድዬ፣ ሥራህን እንዳታጣ።»

«አትጨነቂ። ብቻ ጨብጠሽ ቆይ።»

ነርሚን ከመሳቢያው አንዱን አውጥታ ለመስታወቱ አሳየች። ብርጭቆ ነበር። «አምሳያ አይደለም» አለ መለያው። ሌላ መሳቢያ ሳበች፤ አልከፈት አላት። በእርግማን ይሁን በጸሎት የሆነ ነገር ተናገረች፤ መለያው አልተረጎመውም። በሁለት እጇ ስትጎትተው መሳቢያው ከነ ዕቃው ወለሉ ላይ ወደቀ። ተንበርክካ ከተበተነው መሐል አንድ አነሳች።

አረንጓዴ ነበር። ታቹ ሰፊ፣ ላዩ እንደ ቅል አንገት የጠበበ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ያለው።

«ይኸውልህ!» አሉ ዶክተር ትርሲት።

«ቅርፁ ይመሳሰላል» አለ መለያው። «አገልግሎቱ ይነገር።»

«ደም ለመምጠጥ።»

«የሰው ደም የሚያፈስ ነገር በአዋጁ ከጦር መሣሪያ ይመደባል።»

ነጣዩ አፉን ወደ ዘምዘም እጅ አስጠጋ። የአፉ ጠርዝ የትንሿ ጣቷን ጥፍር ነካ። ክንዱ ተጫነ።

«የሕክምና ዕቃ ነው!» አሉ ዶክተር ትርሲት። «ሰው ሲያመው፣ ሐኪም፣ እንዲሻለው! መርፌም ደም ያፈሳል። መርፌን ምን ትለዋለህ?»

ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«መርፌ፣ የሕክምና ዕቃ» አለ መለያው። «የነሐስ ዋገምት፣ የሕክምና ዕቃ። ስም ተመዝግቧል። መንቀሳቀስ ይችላሉ። ለትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ነጣዩ አፉን ዘጋ። ዞረ። የወጣበትን መንገድ ይዞ፣ በዚያው እርምጃው፣ ቁልቁል ሄደ።

ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ ገቡ። ሙሄ ከመግባታቸው በፊት ይሁን ከገቡ በኋላ እንዳለፋቸው ማንም አላየም፤ ብቻ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር፣ በጭቃው ላይ ተንበርክኮ።

«ዘምዬ፣ ልቀቂው። አበቃ። ልቀቂው።»

«እጄ እንቢ አለኝ» አለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «ጣቶቼ አልከፈት አሉኝ።»

ሙሄ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ የደረቀ ቧንቧ እንደሚፈታ ሰው ሳይጣደፍ አላቀቃቸው። ጣቶቿ ሁሉ ተከፍተው እንኳ ዋገምቱ አልወደቀም። መዳፏ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሙሄ ደነገጠና ወደ ዶክተሯ አየ። ዶክተር ትርሲት እያለከለኩ ደርሰው ነበር።

«በጥፍርህ ጠርዙን አንሳው» አሉት። «አየር ያስገባል።»

አነሳው። «ቷ!» ብሎ ተላቀቀ። በመዳፏ መሐል ክብ ቀይ ምልክት ቀርቷል፤ ሥጋው ትንሽ አብጧል። ሦስቱም ምልክቱን አዩት። ከዚያ ዘምዘም ብድግ አለችና ምንም ሳትናገር ከጉድጓዱ ወጥታ ወደ ቁጥቋጦዎቹ ሮጠች።

«ምን ሆነች?» አሉ ዶክተር ትርሲት ደንግጠው።

ሙሄ ሳቅ አፈነው። «ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ ተቀምጣለች።»

ዶክተር ትርሲትም ሳቁ፤ ቀና ብለው ፊታቸውን ለዝናቡ ሰጥተው፣ ድምፃቸው ጉብታውን እስኪሞላው ሳቁ። እስክንድርያ ያለችው ነርሚን በመስታወቱ ውስጥ ምን ተፈጠረ ብላ ትጠይቃለች። ነገሯት። እሷም ወለሉ ላይ በተበተኑት ነሐሶች መሐል ተቀምጣ ሳቀች። ቀጥሎ ራቷ እንደቀዘቀዘ ተናገረችና፣ ከሌሊቱ በፊት መሳቢያውን የሚያነሳላት ሰው ፍለጋ ሄደች።

ክንዱን ተረኛው አለቃ አስጠርቶት ነበር። ቁልፉን ለምን ደጋግሞ እንደተጫነ ተጠየቀ። «መንገዱ ላይ ሰው ነበር» አለ። አለቃው የቀኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ሂድና ተኛ» አለው በስተመጨረሻ። ክንዱ ከሕንፃው ሲወጣ አውራ ጣቱ አልታጠፍ ብሎት የታክሲውን በር በግራ እጁ ከፈተ። በመንገድ ላይ ለዘምዘም ደወለላት፤ የግል ስልኩ ነበር።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ። እናትህ ትባረክ።»

«አሜን» አለ፤ ስልኩን ግን አልዘጋም። እሷም አልዘጋችም፤ ታክሲው ቤቱ ደጃፍ እስኪቆም ድረስ እንደዚያው ዝም ተባብለው ቆዩ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፍንዳታ ፈርቶ ከቀበሌው የሸሸው ሰው እየተመለሰ ነው፤ በእግሩ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ። የሚያልፈው ሁሉ ዘምዘምን አቅፎ ይስማታል፤ አንዳንዱ ግንባሯን፣ አንዳንዱ እጇን። አቶ ይማምም መጡ። የመዳፏን ቀይ ምልክት አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ በአዲሱ እጃቸው እጇን ጨበጡ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ዘምዘም ጠበቅ አድርጋ ያዘቻቸው።

ዶክተር ትርሲት ዋገምቱን በጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ማን አመጣው፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመጣ ሐኪም ነበር ወይስ ትከሻውን የሚያመው ነጋዴ፣ ገና አያውቁም። ለማወቅም አልቸኮሉም። «ነገ አትምጪ» አሏት ዘምዘምን። «ከነገ ወዲያም አትምጪ። ስትፈልጊ ነይ።»

«እመጣለሁ» አለች። «ብቻ ግድግዳው ስር አልቀመጥም።»

ሙሄ አንድ የሥራ ባልደረባው በባጃጅ ያመጣለትን የምሳ ዕቃ ተቀብሎ ከጉብታው ግርጌ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከፈተው። ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል በአፉ አልዞረም። ውስጡ የቀዘቀዘ ፍትፍት ነው። ዘምዘም አጠገቡ ተቀመጠች። ቀኝ እጇን ወደ ምሳ ዕቃው ዘረጋች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ግራዋን ደግሞ ወደ ምግብ መስደድ አልሆነላትም።

ሙሄ ጠቀለለና አጎረሳት።

«ጨው በዝቶበታል» አለች እያኘከች።

«የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ጨምርልኝ።»